የድሮው ዓለም ለምን አልከፈት አለ? ስላላለቁ ጨዋታዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ አራት ኮምፒውተር ያላት ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። የሰፈር ልጆች አንድ የሰርቫይቫል (በሕይወት ለመቆየት የሚታገሉበት) ጨዋታ ላይ ከመስከረም ጀምረው እስከ ጥር ድረስ በጋራ መንደር ገንብተው፣ እርሻ አርሰው፣ አጥር አጥረው ነበር። ባለፈው ሳምንት አዲስ ቨርዥን ወጣ ሲሉኝ ከቤታ (የሙከራ ቨርዥን) ዝርዝር ውስጥ መርጬ ጫንኩላቸው፤ የድሮው ዓለም ግን አልከፈት አለ። ጨዋታው ከተጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖት ዛሬም አላለቀም ይባላል። ያላለቀ ነገር እየሸጡ እያታለሉን ነው ወይስ ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ጨርሶ አያልቅም? ሌላ ልገዛ አስቤ ነበር፤ ምን አይቼ ልምረጥ?»

ምላሽ፦

አስቀድሜ ልጆቹን የሚያረጋጋውን ልንገርዎት። እርስዎ በገለጹት ሁኔታ ዓለሙ የጠፋ አይመስለኝም። አዲሱ ቨርዥን የድሮውን ፋይል ማንበብ አቃተው እንጂ ፋይሉን ደመሰሰው ማለት አይደለም። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመነካካትዎ በፊት፣ በተለይም ልጆቹ በዚያው ስም አዲስ ዓለም ከመጀመራቸው በፊት፣ የሴቩን (ጨዋታው የደረሰበት የሚቀመጥበትን ፋይል) ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ይገልብጡት። ከዚያ በስቲም (ጨዋታዎች በሚገዙበትና በሚጫኑበት ፕሮግራም) ላይ የጨዋታውን ስም ቀኝ ክሊክ አድርገው፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተው፣ ከቤታ ዝርዝሩ ላይ የመረጡትን ትተው ወደ መደበኛው ይመልሱት። ስቲም የድሮውን ቨርዥን መልሶ ያወርዳል፤ ዳታ ስለሚበላ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያውርዱና የተጫነውን ፎልደር ወደ ሌሎቹ ይገልብጡ። አብዛኛውን ጊዜ ዓለሙ በዚህ ብቻ ይከፈታል።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ መልሴን በአጭሩ ላስቀምጠው። እንዲህ ዓይነቶቹ ጨዋታዎች አለማለቃቸው ከባሕርያቸው የሚመጣ ነው፤ በራሱም ማታለል አይደለም። የአዘጋጁ ሐቀኝነት የሚታወቀው ጨዋታው በማለቁና ባለማለቁ ሳይሆን፣ አዲስ ነገር ባመጣ ቁጥር እርስዎ ቀድመው የገነቡትን ዓለም እንዴት እንደሚይዘው ነው። ይህን ለመረዳት በሴቭ ፋይል ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

ብዙዎቻችን ሴቭ የዓለሙ ፎቶግራፍ ይመስለናል። እንደ እውነቱ ከሆነ ፋይሉ የሚመስለው የዓምዶቹ ርእስ ያልተጻፈበት የመጋዘን መዝገብ ነው፤ ቁጥር ከቁጥር ተደርድሮበታል፣ የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ የሚያውቀው መዝጋቢው ብቻ ነው። ለምሳሌ አንድ የእንጨት ሣጥን ቦታ 12 በ7 ላይ ተቀምጦ በውስጡ ሦስት መዶሻ ይዟል እንበል። ጨዋታው ይህን «12፣ 7፣ 41፣ 3» ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ 41 የመዶሻ መለያ ነው። አዘጋጆቹ በአዲሱ ቨርዥን መሣሪያ ሁሉ በሥራ ብዛት እንዲያረጅ ወሰኑና ከዕቃው መለያ ቀጥሎ የእርጅናው መጠን እንዲጻፍ አደረጉ። አዲሱ ጨዋታ የድሮውን መዝገብ ሲያነብ 3 የሚለውን የመዶሻው እርጅና አድርጎ ይወስደዋል፤ ብዛቱን ለማወቅ ደግሞ የሚቀጥለውን ሣጥን የመጀመሪያ ቁጥር ይነጥቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው መዝገብ ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይንሸራተታል፤ በሩ አልጋ፣ አልጋው በቆሎ ይሆናል። ጠንቃቃ ፕሮግራም እዚህ ላይ ቆም ብሎ «ይህን ዓለም መክፈት አልችልም» ይላል። እርስዎ ያዩት መልእክት ይኸው ነው፤ አናዳጅ ቢሆንም ዝም ብሎ ከፍቶ የተመሰቃቀለውን መልሶ ሴቭ ከሚያደርግ ጨዋታ በብዙ እጅ ይሻላል።

መፍትሔ የሌለው ችግር አይደለም፤ ዋጋ የሚያስከፍል ችግር ነው። አንዱ መንገድ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የቨርዥኑን ቁጥር ጽፎ፣ ከእያንዳንዱ አሮጌ ቨርዥን ወደሚቀጥለው የሚያሻግር ትንሽ ፕሮግራም ማዘጋጀት ነው። አዘጋጁ እነዚህን ማሻገሪያዎች ለዓመታት ተሸክሞ መኖር አለበት፤ ሞክሬው ስለማውቅ ሥራው አሰልቺ መሆኑን እመሰክራለሁ። ሌላው መንገድ በቁጥር ፋንታ በስም መጻፍ ነው። ሪምወርልድ የሚባለው፣ ከሰማይ የወደቁ ጥቂት ሰዎችን ይዘው መንደር የሚያቋቁሙበት ጨዋታ፣ ሴቩን የሚያስቀምጠው በጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ቢከፍቱት የሰዎቹን ስምና የዕቃውን ዓይነት ያነቡታል። ፋይሉ ይገዝፋል፣ አከፋፈቱም ዘገም ይላል፤ ነገር ግን አንድ ሞድ (በጨዋታው ላይ የሚጫን ተጨማሪ ይዘት) ሲነሣ የዚያ ሞድ ዕቃ ብቻ ይጠፋል እንጂ መዝገቡ በሙሉ አይንሸራተትም። ከዚህም ሌላ የሪምወርልድ አሮጌ ቨርዥኖች በስቲም የቤታ ዝርዝር ላይ ስለሚገኙ፣ ዓለሙን በተጀመረበት ቨርዥን እስከ መጨረሻው መጫወት ይቻላል።

ከዕቃው መዝገብ የባሰ የሚያስቸግረው ግን መሬቱ ነው። በብዙዎቹ ጨዋታዎች ዓለሙ አስቀድሞ ተሠርቶ አልተቀመጠም፤ ከአንድ የመነሻ ቁጥር ተነሥቶ ሒሳብ እየተሠራ፣ ተጫዋቹ በሄደበት አቅጣጫ ልክ ይፈጠራል። የሒሳቡ ቀመር ሲቀየር፣ ተጫዋቹ የረገጠው መሬት እንደ ድሮው ይቀራል፤ ያልረገጠው ደግሞ በአዲሱ ቀመር ይወጣል። ዓለሙ ከብሎክ በተሠራው ማይንክራፍት በሚባለው ጨዋታ ላይ ለዓመታት የታየው ነገር ይኸው ነበር፤ ሜዳ ሲሄድ ሲሄድ በድንገት በቢላ እንደተቆረጠ ሁሉ ቀጥ ያለ ገደል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የወጣው 1.18 የዓለሙን ቁመት ከ256 ወደ 384 ብሎክ ሲያሳድግ፣ አዘጋጆቹ አሮጌው መሬት ከአዲሱ ጋር ቀስ ብሎ እንዲዋሃድ የሚያደርግ ሥራ ሠሩ፤ ከድሮው መሬት በታች ደግሞ አዲስ ጥልቅ የከርሰ ምድር ንጣፍ እንዲጨመር አደረጉ። የሰው ቤት ሳይነካ ከሥሩ ምድር ቤት እንደመቆፈር ነው። ጨዋታው በ2009 ለሕዝብ ቀርቦ በ2011 «አለቀ» ተብሎ እንደነበረ ያስታውሱ፤ ይህ የተሠራው ካለቀ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በተቃራኒው ፕሮጀክት ዞምቦይድ የሚባለውን፣ ከዞምቢዎች ተርፈው የሚኖሩበትን ጨዋታ እንውሰድ። በ2013 ኧርሊ አክሰስ በሚባለው፣ ማለትም እየተሠራ በሚሸጥበት ክፍል ስቲም ላይ የገባ ሲሆን፣ በታኅሣሥ 2021 የወጣው 41ኛው ግንባታ (ቨርዥን) የጋራ ጨዋታውን እንደ አዲስ አስነሣው። በታኅሣሥ 2024 ለሙከራ የቀረበው 42ኛው ደግሞ የእንስሳት እርባታን፣ የከርሰ ምድር ክፍሎችንና ፈጽሞ የተለወጠ የዕቃ አሠራርን ይዞ መጣ፤ ሆኖም በ41ኛው የተጀመሩ ዓለሞችን አይከፍትም፣ ሲወጣም የጋራ ጨዋታ አልነበረውም። አዘጋጆቹ ማሻገሪያ አልሠሩም። ግን ይህን በግልጽ ተናግረዋል፤ አዲሱን ፈልጎ ከቤታ ዝርዝር ለሚመርጥ ሰው ብቻ አቅርበው ነባሩን በቦታው ተዉት። እንደ እኔ አስተያየት ይህም ሐቀኛ አያያዝ ነው። እርስዎም ቢሆኑ፣ ሊከፋዎት ባይገባም፣ ከቤታ ዝርዝር ላይ የመረጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ በዚያ ዝርዝር ላይ ያለ አዲስ ነገር ሁሉ «ይሰበር ይሆናል» ተብሎ የተቀመጠ ነው።

አሁን «ለምን አይጨርሱትም» ወደሚለው ልምጣ። ገበጣን የሚጫወት ሰው አፕዴት አይጠብቅም፤ ጉድጓዱና ጠጠሩ የታወቀ ነው፣ ሕጉም ተዘግቷል። በሰርቫይቫል ጨዋታ ላይ ግን የተሸጠልዎት ታሪክ ወይም ውድድር ሳይሆን እርስ በርስ የሚነካኩ ሕጎች ስብስብ ነው፤ እሳት እንጨትን ያቃጥላል፣ ዝናብ እሳትን ያጠፋል፣ ብርድ የረጠበን ሰው ያሳምማል። ጨዋታው 40 ዓይነት ነገር ቢኖረው፣ ሁለት ሁለቱ የሚገናኙበት መንገድ 780 ነው። ነገሮቹን ወደ 80 ቢያሳድጓቸው ግንኙነቱ 1,560 አይሆንም፤ 3,160 ይሆናል። ሥራው በእጥፍ ሲያድግ ሊበላሽ የሚችለው በአራት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። ሁሉንም ቁጭ ብሎ የሚፈትሽ ቡድን የትም የለም፤ የሚፈትሹት እንደ እርስዎ ቤት ልጆች ያሉ ተጫዋቾች ናቸው።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ ድንኮች ምሽግ የሚገነቡበት የድዋርፍ ፎርትረስ ጨዋታ ድመቶች ነው። ይህን ጨዋታ ታርን እና ዛክ አዳምስ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በ2006 ለሕዝብ አቅርበውት ለረጅም ጊዜ በነጻና በልገሳ ሲያሳድጉት ቆይተዋል። በ2015 መገባደጃ ላይ ለድንኮቹ መጠጥ ቤት ጨመሩላቸው። ብዙም ሳይቆይ ድመቶች በየቦታው ሞተው መገኘት ጀመሩ፤ ነገሩ ሲመረመር የሞቱት በአልኮል መመረዝ ነበር። ለድመት ያጠጣ ግን አልነበረም። ድንኮቹ ሲሰክሩ መጠጥ ያፈሳሉ፤ ድመቶቹ በፈሰሰው ላይ ይራመዳሉ፤ ድመት ደግሞ ራሷን በመላስ እንድታጸዳ ቀደም ብሎ ተጽፎ ነበርና መዳፏን ትልሳለች። እስከዚህ ድረስ ስህተት የለም፤ እንዲያውም የሚደነቅ ነው። ስህተቱ መዳፍ ላይ ያለችውን ጠብታ ጨዋታው እንደ ሙሉ ብርጭቆ መቁጠሩ ነበር። መጠጥ ቤቱን የጻፈው እጅ ስለ ድመት አላሰበም፤ የድመቷን መላስ በጻፈበት ጊዜም መጠጥ ቤት አልነበረም። ሁለቱ ተገናኝተው የወለዱትን ነገር አስቀድሞ ተቀምጦ ማሰብ ይቻል ነበር የሚል ሰው ቢኖር፣ አንድም ቀን ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ነው እላለሁ።

የታክቲክ ጨዋታዎች፣ ማለትም ተራ እየጠበቁ ጥቂት ወታደሮችን የሚያሰልፉባቸው፣ ነገሮቻቸው ጥቂት ስለሆኑ ለማለቅ የቀረቡ ናቸው። የእነርሱ ጣጣ ሚዛን ነው። አንድ ቀስተኛ የመምታት ዕድሉ 70 ከመቶ ከሆነ፣ ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሦስቱንም የሚመታበት ዕድል 34 ከመቶ ገደማ ነው። አዘጋጁ «በዛበት» ብሎ ዕድሉን ወደ 60 ቢያወርደው፣ ሦስቱንም መምታቱ ወደ 22 ከመቶ ያሽቆለቁላል። ለዓይን ትንሽ የምትመስል አሥር ነጥብ የቀስተኛውን ዋጋ ከሲሶ በላይ ትቀንሳለች፤ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የተነደፈ ስልት ሁሉ በአንድ ሌሊት ይፈርሳል። ልጆቹ «90 ከመቶ እያለ ይስታል» ብለው ሲያማርሩ ሰምተው ከሆነ፣ ከአሥር አንዴ መሳቱ ትክክለኛው ሒሳብ ነው፤ እንዲያውም ኤክስኮም 2 የሚባለው የታክቲክ ጨዋታ በቀላሎቹ የክብደት ደረጃዎች ላይ በስክሪኑ ከሚጽፈው የበለጠ ዕድል በስውር ለተጫዋቹ ይሰጣል፤ ሰው እውነተኛውን ሒሳብ ሲያይ ተጭበረበርኩ ይላልና። ባትል ብራዘርስ የሚባለውን የታክቲክ ጨዋታ የሠራው የሀምቡርግ ቡድን በዚህ ረገድ መልካም አርአያ ነው። ጨዋታውን በ2015 ሳያልቅ መሸጥ ጀምሮ በመጋቢት 2017 ሙሉ ሆኗል አለ፤ ከዚያ በኋላ በ2018፣ በ2019 እና በ2020 ያወጣቸው ትልልቅ ጭማሪዎች ለየብቻቸው የሚገዙ ናቸው። ያልገዛ ሰው የያዘው ጨዋታ ሙሉ ነው።

እንግዲህ ማታለል የለም ማለቴ አይደለም። ኧርሊ አክሰስ በስቲም ላይ በመጋቢት 2013 ሲጀመር ሐሳቡ ገዢው የተስፋውን ሳይሆን አሁን ያለውን ይገዛል የሚል ነበር፤ ዛሬም በእያንዳንዱ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ገጽ ላይ ወደፊት ሊለወጥም ላይለወጥም እንደሚችል ተጽፎ ይገኛል። ገንዘቡን ሰብስበው የጠፉ አዘጋጆች አሉ። ዘገምተኛን ከጠፋ ለመለየት ግን የዓመታቱን ብዛት መቁጠር አይበጅም። ኬንሺ የሚባለው ጨዋታ 12 ዓመት ገደማ ፈጅቶ በታኅሣሥ 2018 አለቀ፤ አዘጋጁ ክሪስ ሀንት ለረጅም ጊዜ ብቻውን ነበር የሠራው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም የጥበቃ ሥራ እየሠራ ራሱን ይደጉም ነበር። ይህ ሰው ስለ አሮጌ ዓለሞች ያሰበበት መንገድ ግን ከብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች የተሻለ ነው። በኬንሺ ላይ ኢምፖርት የሚባል ምርጫ አለ፤ ዓለሙ በአዲሱ ቨርዥን እንደ አዲስ ይዘረጋል፣ የእርስዎ ሰዎች ግን ችሎታቸውንና የያዙትን እንደያዙ ይሻገራሉ። ሁሉንም ማዳን ካልተቻለ ሰዎቹን እናድን እንደማለት ነው።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የአፕዴቶቹን ዝርዝር ከፍተው ያንብቡ፤ የማስታወቂያውን ቪዲዮ ይተዉት። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ በቅርብ ጊዜ የተጻፈ ነገር መኖሩን፣ ስለ ድሮ ሴቮች በግልጽ የተነገረ ቃል መኖሩን፣ በቤታ ዝርዝሩ ላይ አሮጌ ቨርዥኖች መቀመጣቸውን። ሦስተኛው ከመግዛት በፊት አይታይም፤ ነገር ግን ስቲም በተገዛ በ14 ቀን ውስጥና ከሁለት ሰዓት ባነሰ የጨዋታ ጊዜ ገንዘብ ስለሚመልስ፣ ገዝተው አይተው ቅር ካልዎት መመለስ ይችላሉ።

ለእርስዎ ቤት ግን በመጀመሪያ ምንም ባይገዙ እመርጣለሁ። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ መደበኛ የስቲም አካውንት ለግል መጠቀሚያ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ እንደ እርስዎ ያሉ ቤቶች በፒሲ ካፌ ፕሮግራሙ እንዲገቡ ይጠበቃል። ሁለተኛው፣ ነጻና ኮዳቸው ክፍት የሆኑ ሁለት ጨዋታዎች ለአራት ደካማ ኮምፒውተሮች በትክክል ይስማማሉ። ለታክቲክ ዌስኖት አለ። ከ2003 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እየተሠራ ያለ ሲሆን፣ ከላይ ያነሣሁትን ነገር በቨርዥን ቁጥሩ ብቻ ይነግርዎታል፤ 1.16 እና 1.18 እንደሚሉት ሁለተኛው ቁጥር ሙሉ ከሆነ የተረጋጋ ነው፣ 1.17 እና 1.19 እንደሚሉት ጎዶሎ ከሆነ የሙከራ ነው። ጎዶሎውን አይጫኑ፤ የጀመሩትንም ዘመቻ ሳይጨርሱ ከ1.16 ወደ 1.18 አይሻገሩ። ለግንባታና ለሰርቫይቫል ደግሞ ሉዋንቲ አለ፤ እስከ ጥቅምት 2024 ድረስ ስሙ ማይንቴስት ነበር። ሉዋንቲ ብቻውን ጨዋታ ሳይሆን ጨዋታ የሚጫንበት ሞተር ነው። ዕቃዎቹን የሚመዘግበው በስማቸው በመሆኑ አንድ ሞድ ቢነሣ ብሎኩ ቦታው ላይ «የማይታወቅ» የሚል ምልክት ይዞ ይቆያል፤ ሞዱ ሲመለስ ብሎኩም ይመለሳል። አራቱን ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች አገናኝተው አንዱን ሰርቨር ካደረጉት፣ ሦስቱ በ30000 ፖርት ይገቡበታል፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ዳታም አይቆጥርም።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። በእኛ ከተማ ዓለም የሚያበላሸው አፕዴት ብቻ አይደለም፤ ሴቭ እየተደረገ መብራት ሲሄድ ፋይሉ በግማሽ ተጽፎ ይቀራል። ከተማሪዎቼ ጋር አንዲት ትንሽ ጨዋታ ስንሠራ አንድ ከሰዓት በኋላ መብራቱ ድርግም ብሎ ተመለሰ፤ የሁለት ሳምንት ዓለማችን ባዶ ፋይል ሆኖ ጠበቀን። ከዚያ ቀን በኋላ አዲሱን በሌላ ስም ጽፈን፣ መጻፉ ሲጠናቀቅ ብቻ ስሙን እንለውጥ ጀመር። ማይንክራፍትም ዋናውን የዓለም ፋይል ከቀዳሚው ቅጂ ጋር አብሮ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የሚገዙ ከሆነ አንድ ይበቃዎታል፤ ሰርቨር በሆነው ኮምፒውተር ላይ ያድርጉት። ማታ በር ሲዘጉም ጨዋታውን አጥፍተው ፎልደሩን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ ሳይጠፋ የተገለበጠ ሴቭ ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል።

ወደ መደበኛው ቨርዥን ተመልሰው ዓለሙ አሁንም እንቢ ካለ፣ ምንም ሳይሰርዙ የጨዋታውን ስም፣ የቨርዥኑን ቁጥርና በስክሪኑ ላይ የወጣውን የስህተት ጽሑፍ ከነሥርዓተ ነጥቡ ጻፉልኝ። የሞዶቹን ዝርዝር አይርሱ፤ ልጆቹ እርስዎ ሳያውቁ የጫኑት አንድ ሁለት ሊኖር ይችላል።